ጆቫኒ ባቲስታ ቪዮቲ፦ የዛሬው የቫዮሊን ድምፅ ከየት መጣ?

ቶማስ ኤዲሰን ድምፅ ቀድቶ መልሶ የሚያሰማ መሣሪያ የሠራው በ1877 ነው። ጣሊያናዊው ቫዮሊኒስትና የሙዚቃ ደራሲ ጆቫኒ ባቲስታ ቪዮቲ ደግሞ በ1824 ሞቷል። ስለዚህ አጨዋወቱን የሚያሰማን አንድም ቅጂ የለም። እንዲያም ሆኖ ዛሬ በየትኛውም አገር ቫዮሊን የሚማር ልጅ፣ ስሙን ሰምቶት ባያውቅ እንኳ፣ ከዚህ ሰው ብዙ ይወርሳል። ደጋኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ መሳብ፣ ወፍራምና ረጅም ድምፅ ማውጣት፣ ቫዮሊኑን እንደ ሰው ማዘፈን፤ ይህ ሁሉ በእሱ በኩል ያለፈ ነው።

ታዲያ የተጫዋች ሥራ ወደ ቀጣዩ ትውልድ የሚያልፈው እንዴት ነው? ደራሲ ወረቀት ይተዋል። ሠዓሊ ሸራ ይተዋል። ተጫዋች ግን ደጋኑን ካነሳ በኋላ የሚጨበጥ ነገር የለም። የቪዮቲን ታሪክ የምወደው ለዚህ ጥያቄ ግልጽ መልስ ስላለው ነው። በዚያ ላይ የሕይወቱ ታሪክ ራሱ ጉድ ነው። የቀጥቃጭ ልጅ ነበር። ለንግሥት ተጫውቷል፣ ቲያትር ቤት አቋቁሟል፣ ተሰዷል፣ ወይን ጠጅ ነግዷል፣ በመጨረሻም የኦፔራ ዳይሬክተር ሆኗል። ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የቀጥቃጩ ልጅ

ቪዮቲ የተወለደው ግንቦት 12 ቀን 1755 ፎንታኔቶ ፖ በምትባል ትንሽ ቦታ ነው። ቦታው በዛሬው ሰሜን ጣሊያን፣ በፒየሞንቴ ክልል ይገኛል። ያኔ ጣሊያን የምትባል አንዲት አገር አልነበረችም። ፒየሞንቴ የሰርዲኒያ መንግሥት ግዛት ነበረች፤ ዋና ከተማዋም ቱሪን ናት። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ ቀንድ የሚባለውን የትንፋሽ መሣሪያም ይጫወት ነበር።

ልጁ ገና በአሥራዎቹ መጀመሪያ ሳለ ተሰጥኦው ታየና ወደ ቱሪን ተወሰደ። የልዑል ዴላ ቺስተርና ቤተሰብ ቤታቸው አስገብተው አሳደጉት፣ የትምህርቱንም ወጪ ቻሉ። እዚያ የተመደበለት መምህር ጋኤታኖ ፑኛኒ ነው። ፑኛኒን ያስተማረው ጆቫኒ ባቲስታ ሶሚስ፣ ሶሚስን ያስተማረው ደግሞ አርካንጀሎ ኮሬሊ ነው። ኮሬሊ በ1713 ሲሞት የጣሊያን ቫዮሊን አባት ተደርጎ ይታይ የነበረ ሰው ነው። ይህን የመምህራን ሰንሰለት ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በ1775 ወጣቱ በቱሪን ቤተ መንግሥት ኦርኬስትራ ተቀጠረ። ወንበሩ ከኋላ ነበር፤ ማንም ለይቶ የማያየው ቦታ። አምስት ዓመት እዚያው ቆየ። በ1780 ፑኛኒ ይዞት ወጣ። በስዊዘርላንድ፣ በድሬዝደን፣ በበርሊን፣ በዋርሶና በሴንት ፒተርስበርግ እየተዘዋወሩ ተጫወቱ። ከዚያ መምህሩ ወደ አገሩ ሲመለስ ተማሪው ብቻውን ወደ ፓሪስ አቀና።

አንድ የጾም ወቅት ምሽት

ፓሪስ ውስጥ ኮንሰር ስፒሪቱየል የሚባል የሙዚቃ ዝግጅት ነበር። የተጀመረው በ1725 ነው። በጾምና በትልልቅ የሃይማኖት በዓላት ኦፔራ ቤቱ ይዘጋል፤ ሕዝቡ ግን ሙዚቃ ይፈልጋል። ስለዚህ በእነዚያ ቀናት በቱይለሪ ቤተ መንግሥት አዳራሽ መንፈሳዊ መዝሙርና የመሣሪያ ሙዚቃ ይቀርብ ነበር። በጊዜው በአውሮፓ ከሁሉም የሚከበር መድረክ ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፓሪስ ውስጥ ስም ማውጣት የሚፈልግ ተጫዋች ሁሉ እዚያ ቀርቦ መፈተን ነበረበት።

ቪዮቲ በዚህ መድረክ የታየው መጋቢት 17 ቀን 1782 ነው። ትንሣኤ ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ዕድሜው 26፤ ስሙን የሚያውቅ ሰው ከቁጥር አይገባም። የራሱን ኮንቸርቶ፣ ማለትም ለብቸኛ ቫዮሊንና ለኦርኬስትራ የጻፈውን ሥራ፣ ተጫወተ። በአንድ ጀምበር ከተማው ሁሉ ስለ እሱ ማውራት ጀመረ። ተቺዎቹም እስከዚያ ድረስ ሲያደንቋቸው ከነበሩት ቫዮሊኒስቶች ሁሉ አስበለጡት።

ከአድማጮቹ መካከል አሥር ዓመት ገደማ የሆነው ፒየር ባዮ የሚባል ልጅ ነበረ። ባዮ አድጎ ከፈረንሳይ ታላላቅ ቫዮሊኒስቶች አንዱ ሆኗል። ቪዮቲን ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ያህል አልሰማውም። በልጅነቱ የሰማው ድምፅ ግን ከጆሮው አልጠፋም፤ ዕድሜውን ሙሉ የራሱን አጨዋወት የለካው በዚያ ነው። አንድ ተጫዋች ሳይቀዳም የሚቀረው በመጀመሪያ እንዲህ ነው። በሌላ ሰው ጆሮ ውስጥ።

ቪዮቲ በዚህ ዝና ላይ ብዙ አልቆየም። አንድ ዓመት ተኩል ያህል ተጫወተና በመስከረም 1783 ፓሪስ ውስጥ በሕዝብ ፊት መጫወት አቆመ። ገና 28 ዓመቱ ነበር። በ1784 መጀመሪያ ላይ በቬርሳይ ቤተ መንግሥት የፈረንሳይ ንግሥት ማሪ አንቷኔት አገልጋይ ሆኖ ተቀጠረ። ከዚያ ወዲህ ፓሪስ ውስጥ ያጨዋወቱን ጣዕም የሚያውቁት ቤቱ የሚመጡ ወዳጆቹና ተማሪዎቹ ናቸው።

ደጋኑና ቫዮሊኑ

ያን ሁሉ ሰው ያስደነቀው ምን ነበር? ፈጣን ጣት ያላቸው ቫዮሊኒስቶች በጊዜው ሞልተው ነበር። የቪዮቲ ልዩነት ድምፁ ላይ ነው። በ1811 በላይፕዚግ የሚታተም አንድ የሙዚቃ ጋዜጣ የቪዮቲን ትምህርት ቤት ዋና ምልክቶች ዘርዝሮ ነበር። ከሁሉ በፊት ትልቅ፣ ጠንካራና የሞላ ድምፅ ማውጣት ነው። ቀጥሎ ይህን ድምፅ ሳይቆራረጥ፣ እንደ ዘፈን ማስኬድ ይመጣል። ሦስተኛው በደጋኑ ልዩ ልዩ አሳሳብ ብርሃንና ጥላ ማምጣት ነው። ልብ በሉ፦ ፍጥነት የሚባል ነገር ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ይህን ድምፅ ለማግኘት ሁለት ነገር ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ደጋኑ ነው።

የድሮው የአውሮፓ የቫዮሊን ደጋን ምን ይመስል እንደነበር ለማወቅ የአዝማሪን ማሲንቆ ደጋን ማሰብ ይበቃል። እንጨቱ ወደ ውጭ የጎበጠ ነው፤ የፈረሱ ጭራ ደግሞ ሁለቱን ጫፎች አያይዞ ይወጠራል። የድሮው የቫዮሊን ደጋን ጉብጠቱ ያነሰ ነው እንጂ አሠራሩ የዚያው ዘር ነው። እንዲህ ያለ ደጋን ቀላል ነው፣ ለአጫጭርና ለተቆራረጡ ድምፆች ይመቻል። ጫፉ ግን ደካማ ነው። ተጫዋቹ ወደ ጫፉ በሄደ ቁጥር ድምፁ እየሳሳ ይመጣል።

ፓሪስ ውስጥ ፍራንሷ ዛቪየ ቱርት የሚባል የደጋን ሠሪ ይህን ገለበጠው። እንጨቱን በእሳት እያሞቀ ወደ ጭራው አቅጣጫ፣ ወደ ውስጥ አጎበጠው። ለዚህም ከብራዚል የሚመጣ ፔርናምቡኮ የሚባል እንጨት መረጠ፤ ጠንካራም ነው፣ መልሶም ይነጥራል። የደጋኑን ጫፍ ከፍ አደረገና ክብደት ሰጠው። ጭራው እንደ ገመድ እንዳይሰበሰብ፣ እንደ ጥብጣብ ተዘርግቶ እንዲቆም የሚይዝ ትንሽ የብረት ቀለበትም ገባ። ውጤቱ ምን ሆነ? ተጫዋቹ ደጋኑን ከእጁ ሥር እስከ ጫፉ ሲስብ ድምፁ አይሳሳም። እንዲያውም ጫፉ ላይ ሆኖ ድምፁን ሊያጎላው ይችላል። ዛሬ በዓለም ላይ ያለ መደበኛ የቫዮሊን ደጋን ሁሉ በመሠረቱ የቱርት ደጋን ነው።

ቱርትና ቪዮቲ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዘመን የኖሩ ናቸው። ቪዮቲ ለቱርት ሐሳብ ሰጥቶታል የሚል ወሬ ከጥንት ጀምሮ ይነገራል። ከወሬው ይልቅ እኔን የሚያሳምነኝ ሙዚቃው ነው። የቪዮቲን ኮንቸርቶዎች በድሮ ደጋን ለመጫወት የሞከረ ሰው፣ ረጃጅሞቹ ዜማዎች ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። ዜማዎቹ ጫፉ የማይከዳ ደጋን ይፈልጋሉ። በስሙ የሚጠራ የደጋን አሳሳብም አለ። ሁለት ድምፆች በአንድ ስበት ይወጣሉ፤ የመጀመሪያው ደከም፣ ሁለተኛው ጎላ ይላል። ዛሬም መምህራን የቪዮቲ አሳሳብ እያሉ ያስተምሩታል።

ሁለተኛው ነገር ቫዮሊኑ ነው። አንቶኒዮ ስትራዲቫሪ በ1737 ክሬሞና ውስጥ ሲሞት የተከበረ ሠሪ ነበር፤ ግን ዛሬ እንደምናስበው ወደር የሌለው ተደርጎ አይታይም ነበር። በብዙ አገር ይበልጥ የሚፈለጉት የአማቲ ቤተሰብና የቲሮሉ ያኮብ ሽታይነር ቫዮሊኖች ናቸው። ሆዳቸው ከፍ ብሎ የጎበጠ ነው። ድምፃቸው ጣፋጭ ነው፤ ለቤት ሙዚቃም ይስማማል። ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ግን ከኋላ ወንበር አይደርስም። የስትራዲቫሪ ቫዮሊን ሆዱ ጠፍጠፍ ያለ ስለሆነ ድምፁ ሩቅ ይሄዳል። ቪዮቲ ፓሪስ ውስጥ በስትራዲቫሪ ሲጫወት ሰው መሣሪያውንም አብሮ ሰማ። ከዚያ በኋላ ስትራዲቫሪ መፈለግ ጀመረ፣ ዋጋውም ወጣ። ዛሬ ስትራዲቫሪ በሚሊዮኖች ሲሸጥ በዜና ስንሰማ፣ የዚያ ዋጋ ሥር ከፊሉ 1782 ላይ ነው።

ኮንቸርቶ ሲባል

ቪዮቲ 29 የቫዮሊን ኮንቸርቶዎችን ጽፏል። ኮንቸርቶ ማለት አንድ ብቸኛ ተጫዋች ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወተው ሰፊ ሥራ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ክፍል አለው፦ ፈጣን፣ ዝግ ያለ፣ እንደገና ፈጣን። ኦርኬስትራው ቀድሞ ዜማዎቹን ያስተዋውቃል። ከዚያ ብቸኛው ይገባና በራሱ መንገድ ይተርካቸዋል፣ ይከራከራል፣ ይለምናል፣ ያሸንፋል።

ከቪዮቲ በፊት በነበሩ ብዙ የፓሪስ ኮንቸርቶዎች ውስጥ ኦርኬስትራው አጃቢ ብቻ ነበር። ተጫዋቹ ችሎታውን ሲያሳይ ሌላው ዝም ብሎ ይጠብቃል። ቪዮቲ ኦርኬስትራውን አወፈረው፣ ንግግር ውስጥ አስገባው። የሚያሳዝነውን፣ ጠቆር ያለውን ቅኝት፣ ማለትም ማይነርን፣ ደጋግሞ መጠቀም የጀመረው ከ14ኛው ኮንቸርቶ ወዲህ ነው። 16ኛው፣ 17ኛው፣ 18ኛውና 19ኛው ሁሉ በማይነር ናቸው። እነዚህ የተጻፉት የፈረንሳይ አብዮት ሲቃረብና ሲፈነዳ ባሉት ዓመታት ነው። በውስጣቸው የወታደር ሰልፍ የሚመስል ምት አለ፤ ቀጥሎ ድንገት ብቸኛ የሆነ ዜማ ይመጣል። ሞዛርት የ16ኛውን ኮንቸርቶ ወዶት የመለከትና የከበሮ ክፍል ጨምሮ ጽፎለታል። ሞዛርት በሌላ ሰው ሥራ ላይ ጊዜውን እንዲህ ሲያጠፋ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከአንድ ስደት ወደ ሌላው

በ1789 መጀመሪያ ላይ ቪዮቲ ፓሪስ ውስጥ ቴያትር ደ ሙስዩ የሚባል የኦፔራ ቤት አቋቋመ። ሸሪኩ የንግሥቲቱ ፀጉር ሠሪ ሌዎናር ኦቲዬ ነበር፤ ፈቃዱን ያወጣው እሱ ነው። ሙስዩ የሚባለው የንጉሡ ወንድም፣ የፕሮቫንስ መስፍን ነው፤ ቤቱ በእሱ ጥላ ሥር ነበር። ቪዮቲ ከጣሊያን ጥሩ ዘፋኞች አስመጣ። ጓደኛውን የኦፔራ ደራሲ ሉዊጂ ኬሩቢኒንም አብሮት አሠራው። ጊዜው ግን መጥፎ ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ ባስቲል የሚባለው የፓሪስ እስር ቤት ተወረረና አብዮቱ ፈነዳ። በጥቅምት የንጉሡ ቤተሰብ ከቬርሳይ ተወስዶ ቱይለሪ እንዲገባ ሲደረግ፣ እዚያ የነበረው ቲያትር ቦታ መልቀቅ ግድ ሆነበት። በ1791 አዲስ አዳራሽ ተሠርቶለት ቴያትር ፌዶ ተባለ። ቤቱ ጥሩ ስም አወጣ። የኬሩቢኒ ኦፔራ «ሎዶይስካ» መጀመሪያ የታየው እዚያ ነው።

በሐምሌ 1792 ቪዮቲ ነፍሱን ይዞ ወደ ለንደን ሸሸ። የንግሥት ሰው የነበረ ሁሉ ፓሪስ ውስጥ አንገቱ አደጋ ላይ ነበር። ከወር በኋላ ሕዝቡ ቱይለሪን ወረረ። ገንዘቡም ቲያትሩም እዚያው ቀረ።

ለንደን ሲደርስ እጁ ላይ የቀረው ቫዮሊኑ ነው። ስለዚህ ከአሥር ዓመት ዝምታ በኋላ እንደገና በሕዝብ ፊት ቆመ። የካቲት 1793 በኮንሰርት አዘጋጁ በዮሐን ፔተር ሳሎሞን ዝግጅት ላይ ተጫወተ፤ እንግሊዞችም እንደ ፈረንሳዮቹ ተቀበሉት። ታላቁ የሙዚቃ ደራሲ ሃይድን ለሁለተኛ ጊዜ ለንደን በመጣበት በ1794 ሁለቱ በአንድ መድረክ ይቀርቡ ነበር። በ1795 ቪዮቲ የኦፔራ ኮንሰርት የሚባለው ዝግጅት የሙዚቃ ኃላፊ ሆነ። ከ60 ያላነሱ ተጫዋቾች ያሉበት ኦርኬስትራ ነበረው፤ የሃይድን የመጨረሻዎቹ ሲምፎኒዎች የተሰሙትም እዚያ ነው።

በ1798 ደግሞ ሌላ መዓት መጣ። የእንግሊዝ መንግሥት ከፈረንሳይ አብዮተኞች ጋር ንክኪ አለህ ብሎ ከአገር አባረረው። እስቲ አስቡት። ከፓሪስ የሸሸው የንጉሥ ወገን ነህ ስለተባለ ነው። ከለንደን የተባረረው የንጉሥ ጠላት ነህ ተብሎ ነው። ክሱን አጥብቆ ካደ፤ የሰማው ግን የለም። ሃምቡርግ አጠገብ ሾንፌልድ የምትባል ቦታ አንድ እንግሊዛዊ ቤት አስጠጋው።

እዚያ ሆኖ ለሁለት ቫዮሊን የሚሆኑ ሙዚቃዎች ጻፈ። ሲያሳትማቸው የመግቢያ ቃል ጨመረ። ሥራው መከራ የሰጠው የዕረፍት ጊዜ ፍሬ መሆኑን፣ አንዳንዱን ሐዘን፣ ሌላውን ተስፋ እንዳጻፈው ገለጠ። ኦርኬስትራ የለውም፣ አዳራሽ የለውም፣ አድማጭ የለውም። ያለው አንድ ቫዮሊንና ምናልባት አብሮት የሚጫወት አንድ ሰው ነው። በእነዚህ ሥራዎች ሁለቱ ቫዮሊኖች ተራ በተራ ይመራሉ። አንዱ ዜማውን ሲይዝ ሌላው ሥሩን ይዞ ያቆመዋል፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። መምህርና ተማሪ ጎን ለጎን ቆመው ሊጫወቱት ይችላሉ። ለእኔ ከኮንቸርቶዎቹ እኩል የምወዳቸው እነዚህን ነው።

ወደ እንግሊዝ እንዲመለስ በተፈቀደለት ጊዜ ከመድረክ ራቀና ወይን ጠጅ መነገድ ጀመረ። የሚኖረው ከወዳጆቹ ከዊልያምና ከማርጋሬት ቺነሪ ቤተሰብ ጋር ነበር። በ1812 ዊልያም፣ የግምጃ ቤት ባለሥልጣን ሆኖ ሳለ የመንግሥት ገንዘብ ማጉደሉ ታወቀና አገር ጥሎ ሸሸ። ቪዮቲ ማርጋሬትንና ቤተሰቧን አልተወም። በ1813 የለንደን ፊልሃርሞኒክ ማኅበር ሲመሠረት ከመሥራቾቹ መካከል ነበር። ይህ ማኅበር ነው በኋላ ለቤቶቨን 50 ፓውንድ ከፍሎ ሲምፎኒ ያዘዘው፤ ትእዛዙም ከዘጠነኛው ሲምፎኒ ጋር የተያያዘ ነው።

የወይን ጠጁ ንግድ በ1818 ከሰረ። ዕዳው ከበደ። ያኔ ፈረንሳይን የሚገዛው ሉዊ 18ኛ ነበር፤ ያ የድሮው ሙስዩ። በ1819 ቪዮቲን የፓሪስ ኦፔራ ዳይሬክተር አድርጎ ሾመው። መፍትሔ መሰለ፤ ነገሩ ግን ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። የካቲት 13 ቀን 1820 ማታ የንጉሡ የወንድም ልጅ፣ የቤሪ መስፍን፣ ከኦፔራ ቤቱ ሲወጣ በጩቤ ተወጋ። የሞተውም እዚያው ሕንፃ ውስጥ ነው። ሕንፃው ተዘጋ፣ ቆይቶም ፈረሰ። ኦፔራው ከቦታ ቦታ ተንከራተተ። ቪዮቲ በ1821 መጨረሻ ላይ ሥራውን ለቀቀ፤ መጋቢት 3 ቀን 1824 ለንደን ውስጥ በማርጋሬት ቺነሪ ቤት ሞተ። በኑዛዜው ለእሷ ያለበት ዕዳ እንዲከፈል ስትራዲቫሪው እንዲሸጥ ጠይቆ ነበር።

የእጅ ውርስ

ወደ መምህራኑ ሰንሰለት እንመለስ። ቪዮቲ ፓሪስን ሲለቅ ኮንሰርቫቷር የሚባለው የከተማዋ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አልተመሠረተም ነበር። የተመሠረተው በ1795 ነው። የቫዮሊን ትምህርቱን የተከሉት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ፒየር ሮድ፣ ሮዶልፍ ክሮይትሰርና ያ አሥር ዓመቱ ላይ ቪዮቲን የሰማው ባዮ። ሮድ የቪዮቲ ቀጥተኛ ተማሪ ነው፤ ፓሪስ የመጣው በ13 ዓመቱ ሲሆን በ1790 ሕዝብ ፊት የቀረበውም በመምህሩ ኮንቸርቶ ነው። ክሮይትሰርና ባዮ ደግሞ ሰምተው የተለወጡ ናቸው። ሦስቱ ሆነው በ1803 የኮንሰርቫቷሩን የቫዮሊን መማሪያ አወጡ። ቪዮቲ አንድም ቀን ሳያስተምርበት ትምህርት ቤቱ የእሱ ሆነ።

የክሮይትሰር መልመጃዎችና የሮድ 24 ካፕሪሶች፣ ማለትም አጫጭር የብቸኛ ቫዮሊን ሥራዎች፣ ዛሬም ከቫዮሊን ተማሪ ጠረጴዛ አይጠፉም። ከልጅነት እስከ ፈተና ድረስ ያለው መንገድ በእነሱ ላይ ያልፋል። ቤቶቨን ዘጠነኛውን የቫዮሊን ሶናታ የሰጠው ለክሮይትሰር ነው፤ አሥረኛውን ደግሞ ሮድ እንዲጫወተው ብሎ ጻፈ። የቤቶቨንን የቫዮሊን ኮንቸርቶ የሚያጠኑ ሰዎች የዚህን ትምህርት ቤት አሻራ እዚያ ውስጥ ያገኙታል።

ሮድ ዮሴፍ ቦም የሚባለውን ቫዮሊኒስት አስተማረ። ቦም ቪየና ውስጥ ዮሴፍ ዮአኪምን አስተማረ። ዮአኪም ሊዮፖልድ አወርን፣ አወር ዝነኛውን ያሻ ሃይፈትስን። በሌላው ቅርንጫፍ የቪዮቲ ተማሪ የነበረው ቤልጂየማዊው ሮበረክትስ፣ ደ ቤሪዮ የሚባለውን አስተማረ፤ ደ ቤሪዮ ቪዩታንን፣ ቪዩታን ኢዛይን። ዮአኪም በ1903፣ በ72 ዓመቱ፣ ጥቂት ሥራዎችን አስቀድቷል። ድምፁ በጩኸትና በጭርጭርታ መሐል ዛሬም ይሰማል። ከቪዮቲ እስከ ዮአኪም ሦስት እጅ ብቻ ነው ያለው። ወደ እሱ የምንቀርብበት ሌላ አጭር መንገድ የለንም።

ብራምስና 22ኛው

ለንደን ውስጥ ከጻፋቸው ኮንቸርቶዎች 22ኛው፣ በኤ ማይነር የተጻፈው፣ ከሁሉ ይበልጣል። ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ዮሐንስ ብራምስ ይህን ሥራ እንደ ልጅ ይወደው ነበር። በ1878 ለወዳጁ ለፒያኒስቷ ክላራ ሹማን ሲጽፍ፣ ሰዎች እንደ ሞዛርት ኮንቸርቶዎችና እንደዚህ የቪዮቲ ሥራ ያሉትን ምርጥ ነገሮች አለማወቃቸው ነው እኛን የመሰሉትን የሚያኖረንና ዝነኛ የሚያደርገን ብሏል። ዮአኪምም ኮንቸርቶውን እንደ ብራምስ ይወደው ነበር።

በ1880ዎቹ መጀመሪያ ሁለቱ ወዳጆች ተጣሉ። ዮአኪም ሚስቱን ሲከስ ብራምስ የእሷን ንጽሕና የሚመሰክር ደብዳቤ ጻፈላትና ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ብራምስ ዕርቅ የፈለገው በሙዚቃ ነው። በ1887 ለቫዮሊንና ለቼሎ አንድ ኮንቸርቶ ጻፈ፤ ቫዮሊኑን ዮአኪም እንዲይዝ። ቅኝቱ ኤ ማይነር ነው፣ የ22ኛው ቅኝት። በመጀመሪያው ክፍል ውስጥም የቪዮቲን ዜማ የሚያስታውስ ነገር አስቀመጠ። ዮአኪም ተጫወተው፤ ከሞተ ከ60 ዓመት በላይ የሆነው ቪዮቲም የሁለት ኩርፈኞች ሽማግሌ ሆነ።

ስለዚህ ማዳመጥ የሚፈልግ ሰው ከ22ኛው ይጀምር። ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የአርቱር ግሩሚዮ ወይም የኢትዛክ ፐርልማን ቅጂ ቢያገኝ ጥሩ ነው። መጀመሪያ ኦርኬስትራው ዝግ ብሎ፣ በለሆሳስ ይነሳል፤ ብቸኛው ቫዮሊን ጥቂት ደቂቃ ያስጠብቃል። ሲገባ አይቸኩልም። ሁለተኛው ክፍል አዳጆ፣ ማለትም ዝግ ያለ፣ ነው፤ ቅኝቱ ወደ ብሩሁ ኢ ሜጀር ይዞራል። እዚህ ላይ ጆሮ ለደጋኑ መስጠት ነው፤ አንድ ድምፅ ሳይሳሳ እስከ የት እንደሚሄድ። ሦስተኛው ክፍል እንደገና ወደ ኤ ማይነር ይመለስና እረፍት ነሥቶ ይሮጣል።

ቪዮቲ ለምን ይበልጥ አይታወቅም ለሚለው ጥያቄ አንዱ መልስ 22ኛውና 23ኛው ኮንቸርቶ የተማሪ መለማመጃ ሆነው መቅረታቸው ይመስለኛል። ልጆች በ14 ዓመታቸው ይጫወቱታል፣ ያልፉታል፣ ትልቅ መድረክ ላይ ሲወጡ ወደ ብራምስና ወደ ቻይኮቭስኪ ይሄዳሉ። ለልጅ እጅ የሚመች መሆኑ ግን ለልጅ የተጻፈ አያደርገውም። በሰል ያለ ተጫዋች ሲይዘው ሌላ ሥራ ይሆናል። ከ22ኛው በኋላ ወደ ሁለት ቫዮሊን ሥራዎቹ ማለፍ ነው፤ በተለይ ሾንፌልድ ላይ ወደ ጻፋቸው፣ ኦፐስ 5 (የሥራ ቁጥር 5) ወደሚባሉት። ከቫዮሊኖቹ አንዱን፣ ስትራዲቫሪ በ1709 የሠራውንና ዛሬም በስሙ የሚጠራውን፣ ማየት የሚፈልግ ደግሞ ለንደን በሚገኘው ሮያል አካዳሚ ኦፍ ሚዩዚክ ያገኘዋል። የትውልድ ቦታው አጠገብ ባለችው ቬርቼሊም ከ1950 ጀምሮ በስሙ ዓለም አቀፍ የሙዚቃ ውድድር ይካሄዳል።